አባቴ ያለችው አንባቢ

ወንድሜ መጽሐፍ መጻፉን የነገረን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጣ። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዞታል። ጠረጴዛው ላይ አኖረውና ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«ልጅህን ጥራት» አለኝ።

የልጄ ሥራ የመጽሐፍ ገጽ ማቀናጀት ነው። ማተሚያ ቤት የማይቀበላቸው፣ ወይም ማተሚያ ቤት ደጅ መጥናት የሰለቻቸው ደራሲዎች ወደ እሷ ይመጣሉ። ጽሑፋቸውን በኮምፒውተር አስተካክላ፣ ሽፋን ሠርታ፣ በስልክ የሚነበብ መጽሐፍ ታደርገውና ኢንተርኔት ላይ ያለ መደብር ውስጥ ታስገባዋለች። እኔ ግንበኛ ነበርኩ። መጀመሪያ ስትነግረኝ «መጽሐፉ የታለ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ስልኩ ውስጥ» አለችኝ። «ስልኩ ሲጠፋስ?» «ሌላ ስልክ ውስጥ።» ከዚያ ወዲህ አልጠየቅኳትም።

ወንድሜ ጡረታ እስኪወጣ የሠራው ሆስፒታል፣ አስከሬን ክፍል ውስጥ ነው። ሬሳ ይቀበላል፣ ያጥባል፣ ይገንዛል፣ ለባለቤቱ ያስረክባል። በቤተሰባችን «ሆስፒታል ነው የሚሠራው» ይባልና ወሬው እዚያ ላይ ይቆማል። «ሐኪም ነው?» ያለን ሰው ካለ «እዚያው አካባቢ ነው» እንላለን። ሁለት ጊዜ ሊያገባ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ የሴቲቱ ወገኖች ሥራውን አጣርተው ቀሩ። ልጅ የለውም። እሱን የጨበጠ ሰው የገዛ እጁን የት እንደሚያደርገው ሲቸግረው አይቻለሁ። ወንድሜም አይቷል።

ልጄ አንዱን ገጽ ቆማ አነበበች። ሁለተኛውን ተቀምጣ አነበበችው። የመጽሐፉ ስም «በሩን የሚከፍተው ሰው» ይላል። የሞተባቸውን ሊወስዱ ስለሚመጡ ሰዎች ነው፤ በሩ ላይ እንዴት እንደሚቆሙ፣ ምን እንደሚጠይቁ፣ ምን ቢነገራቸው እንደሚችሉት።

«ጋሽዬ፣ ይሄን የጻፍከው ለማን ነው?» አለችው።

«ለማላውቀው ሰው።»

«እኛስ?»

«እናንተ ብታነቡት በይሉኝታ ነው። ብታመሰግኑኝም በይሉኝታ። አንድ ባዕድ ያንብበው። አንድ ይበቃኛል። አንብቦ የመጣለትን ይበል። ያኔ ዕድሜዬን የፈጀሁበት ነገር ለሰው የሚነገር መሆን አለመሆኑን አውቃለሁ።»

ልጄ ወረቀቱን መልሳ በላስቲኩ ጠቀለለችው።

የልጄ ቢሮ ከጎማ ጥገና ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ነች። ከታች አየር መሙያው ሲነሣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ወንድሜ እዚያ እየሄደ ከጎኗ ይቀመጥ ጀመር። እኔም ሥራ ስለሌለኝ አብሬው እሄድ ነበር።

የመጀመሪያው ክርክር በነጥብ ነበር። ወንድሜ ድሮ እንደተማረው በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ አድርጓል። ልጄ «አሁን እንዲህ የሚጽፍ የለም» ብላ ነጥቦቹን አወጣቻቸው። በዚያ ተስማማ። ችግሩ የመጣው በአራት ነጥቡ ነው። ዓይኑ የደከመ አንባቢ ፊደሉን ሲያጎላው መስመሩ ይሰበርና አራት ነጥቡ ብቻውን ወደ ታች ወርዶ የሚቀጥለው መስመር መነሻ ላይ ይቆማል።

ወንድሜ ስልኩን ተቀብሎ ቆይቶ አየው።

«ሬሳና የስም ወረቀቱ የተለያዩ ዕለት እንዲህ ነው» አለ። «ከዚያ በኋላ የሚመጣው መዘዝ ብዙ ነው። እሰሪው።»

«ምኑን?»

«ነጥቡን ከቃሉ ጋር።»

አሰረችው። እንዴት እንደምታስር አላውቅም፤ ግን ከዚያ በኋላ ፊደሉን ምንም ብናጎላው ነጥቡ ቃሉን አልለቀቀም።

ሁለተኛው ክርክር ረዥም ነበር። መጽሐፉ ውስጥ «ባለቤት ያልመጣላቸው» የሚል ምዕራፍ አለ። ከርእሱ በታች ምንም የለም። ወረቀቱ ባዶ ነው። ኮምፒውተሩ ይህ ምዕራፍ ላይ በደረሰ ቁጥር ይሰርዘዋል።

«ጋሽዬ፣ ማሽኑ ባዶ ምዕራፍ አይቀበልም። ጽሑፍ የጠፋ ይመስለዋል።»

«የጠፋማ ነው።»

«አንድ ዓረፍተ ነገር ብንጽፍበትስ?»

«ስለነሱ የማውቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ቢኖረኝ ኖሮ ባለቤታቸውን አገኝ ነበር።»

ልጄ ብዕሯን ጥርሷ ላይ እያንኳኳች ቆየች። በኋላ ነጭ ወረቀት መስኮቱ ላይ ለጥፋ ፎቶ አነሣችውና ሥዕል አስመስላ አስገባችው። ማሽኑም ሥዕል ነው ብሎ አሳለፈው።

ዋጋው ላይ ግን ወንድሜ አልተከራከረም ማለት ይቻላል።

«በነጻ አድርጊው» አላት።

«በነጻ የሆነውን ሰው ያወርደዋል እንጂ አያነበውም። የከፈለ ነው የሚከፍት።»

«ልክ ነሽ። እኔ የሠራሁበት ቤትም በነጻ ነበር፤ ወዶ የገባ ሰው ግን አላየሁም።»

መሳቅ ይገባን እንደሆነ እኔና ልጄ ተያየን። እሱ አልሳቀም።

«በአንድ ሻይ ዋጋ እናድርገው» አለች ልጄ። «ከሻይ ካነሰ ይንቁታል፣ ከምሳ ከበለጠ ይሸሹታል። የደራሲው ስም እስኪታወቅ ድረስ ደንቡ ይሄ ነው።»

«በሻይ ይሁን።»

መጽሐፉ ወጣ። ልጄ ከመካከሉ ጥቂት መስመር እየቆረጠች ሰው በሚበዛበት የኢንተርኔት ገጽ ሁሉ ለጠፈች። ሽፋኑን ሁለት ጊዜ ቀየረችው፤ መጀመሪያ ያወጣችው የተዘጋ በር ነበር፣ ሰው ይፈራዋል ብላ ገርበብ አደረገችው። የአንባቢ አስተያየት የሌለበትን መጽሐፍ መደብሩ ከታች ይቀብረዋል፤ አስተያየት ካልመጣ አይታይም፣ ካልታየ አስተያየት አይመጣም።

ወንድሜ እየመጣ ይጠይቃታል። ደረጃውን ወጥቶ በሩ ላይ ቆሞ፦

«መጣ?»

«አልመጣም ጋሽዬ።»

ተመልሶ ይወርዳል። አይቀመጥም።

ይህን ታላቅ እህታችን ሰማች። ሁላችንም እትዬ እንላታለን። ቤተሰቡን በስልክ የምትገዛ እሷ ነች። ማን እንደነገራት አልጠየቅኩም፤ እሷ ሳትሰማ የሚያልፍ ነገር የለም። በዚያው ቀን ስልኳን ይዛ ተቀመጠች። እኔ ቤቷ ነበርኩ።

«ስማ አንተ!» ትላለች፣ የደወለችው ለሌላዋ እህቴ ልጅ ነው። «የአጎትህን መጽሐፍ ግዛ። ማንበቡ ይቆይህ። አምስት ኮከብ ስጠው፣ ጥሩ ነገር ጻፍለት። እንቢ ካልክ ቀብሬ ላይ እንዳላይህ!»

«እትዬ፣ ቀብርሽ ላይ እንዴት አድርገሽ ታዪኛለሽ?»

«አያለሁ! አንተ ብቻ እንዳትመጣ!»

አንዱን ዘግታ ለሌላው ትደውላለች። እንደ ዝናብ ወረደችባቸው። በማግሥቱ መደብሩ ላይ ያለው የወንድሜ ገጽ በኮከብ ተሞላ። ልጄ እያነበበች አሰማችን።

«ጋሼ እጅህ ይባረክ፣ አኮራኸን» ይላል አንዱ። «የኛ አባት፣ ዕድሜ ከጤና ይስጥልን» ይላል ሌላው። ያ የእህቴ ልጅ ደግሞ «አዝናኝና አስተማሪ ነው፤ እየሳቅሁ ጨረስኩት» ብሏል። አንድ አማታችን «መጨረሻው ልብ ይሰቅላል፤ ክፍል ሁለት በቶሎ ይውጣልን» ብሎ ጽፏል።

«ክፍል ሁለቱን አይቶ የተመለሰ የለም» አለ ወንድሜ።

እትዬ ራሷ የሰጠችው አንድ ኮከብ ነው።

«እትዬ፣ ምን በደለሽ?» አለቻት ልጄ በስልክ።

«ምን ማለትሽ ነው? አንደኛ ነው ብዬ ነዋ!»

ወንድሜ ይህን ሁሉ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰማ። ሲነሣ «በይሉኝታ ነው ብያችሁ ነበር» አለ። አልተቆጣም። ያንን ግን ባይለው ይሻለኝ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ጠዋት ከመደብሩ መልእክት መጣ። የደራሲ ዘመዶች አስተያየት መስጠት አይፈቀድላቸውም፣ ስለዚህ የዘመድ አስተያየቶች ተነሥተዋል ይላል። ገጹ ተመልሶ ባዶ ሆነ። እትዬ ይህን ስትሰማ ደረጃውን እያለከለከች ወጥታ ልጄ ቢሮ መጣች።

«ዘመድ ያላመሰገነውን ማን ሊያመሰግን ነው? ጠላት?»

«እትዬ፣ ሰው አይደለም ያነሣው። ማሽን ነው» አለች ልጄ። «አባቴ፣ ጋሼ፣ አጎቴ የሚል ቃል ያለበትን ሁሉ ሰብስቦ አወጣ። ማሽኑ የተሠራው ሰው የወለደውን ብቻ አባቴ በሚልበት አገር ነው።»

«እንግዲያ የሰፈር አትክልት ሻጭ ሁሉ ልጄ ነው በላ! እናቴ የማይለኝ የለ!»

ልጄ የተነሡትን አንድ በአንድ እያየች ነበር። እጇ ቆመ።

«ይቺ ማን ናት?» አለች። አንድ ስም አነበበች።

እትዬ ስሙን ሁለት ጊዜ አስደገመቻት። የአባቷንም ስም ጠየቀች። ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ማን ማንን እንደወለደ እስከ ሰባት ቤት ድረስ የምታውቅ ሴት ነች፤ በሷ ሳያልፍ የሚያገባ የለም።

«የኛ አይደለችም» አለች። «በአባትም በእናትም የለችም።»

ወንድሜ በሩ ላይ ነበር። ገብቶ ተቀመጠ። እንደ ልማዱ ተመልሶ አልወረደም።

«አንብቢው» አላት።

ልጄ አነበበች።

«አባቴ፣ ይህን የገዛሁት የሆስፒታል ታሪክ መስሎኝ ነው። ወንድሜ ከቤት ከወጣ ቆየ። ብዙ ቦታ ፈልጌዋለሁ። አንዱ ቦታ ብቻ ቀርቶኛል፤ ሁለት ጊዜ ሄጄ በሩን ሳላንኳኳ ተመለስኩ። እርስዎ እዚያ ምን እንደሚጠይቁኝ፣ መጀመሪያ ምኑን እንደሚያሳዩኝ፣ መቀመጥ ብፈልግ መቀመጥ እንደምችል ጽፈዋል። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ባለቤት ያልመጣላቸው የሚለው ጋ ስደርስ ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ገባኝ። እዚያ ላይ ስሙን በጣቴ ጻፍኩት። ነገ እሄዳለሁ። አንዳንዱ ቦታ ስለ መድኃኒቱና ስለ ማቀዝቀዣው ረዘመብኝ። አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥዎት።»

ከታች ጎማ ቤቱ አየር መሙያውን አስነሣ። ወለሉ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ።

«ስንት ኮከብ ሰጠች?» አለ ወንድሜ።

«አራት።»

«አራት።» ራሱን ነቀነቀ። «ዘመድማ ብትሆን አምስት ነበር። ማቀዝቀዣውም እውነቷን ነው፣ ረዝሟል።»

እትዬ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ እንደ ልማዷ ወደ ሥራ ገባች። «በሉ አሁን ባዕድ መሆኗን ለመደብሩ ንገሩልኝ! ይመልሱለት!»

ልጄ የመደብሩን መልእክት በስልኳ ከፍታ ወደ ታች ገፋች። መደብሩ ለዚህም አንድ ጥያቄ አዘጋጅቷል። ከዚህች አንባቢ ጋር ዝምድና አለዎት? ከሥሩ ሁለት መልስ አለ፤ «የለንም» እና «አለን»። የለንም ካለ አስተያየቷ ይመለሳል። አለን ካለ እስከ መጨረሻው ይሰረዛል። ዝም ካለ መጽሐፉ ራሱ ይነሣል።

«ይኸው፣ ቀላል ነው» አለች ልጄ። ጣቷን ዘረጋች።

«ቆይ» አለ ወንድሜ። «እሷ ታውቃለች?»

«ምኑን?»

«የምመልሰውን።»

ልጄ አነበበች። «ግልባጭ ይደርሳታል። 'ደራሲው ከእርስዎ ጋር ምንም ዓይነት ዝምድና እንደሌላቸው ስላረጋገጡ አስተያየትዎ ተመልሷል' ይላል።»

«መቼ ነው የሚደርሳት?»

«እንደነካሁት።»

«እሷ የጻፈችው መቼ ነው?»

«ትናንት ማታ።»

ወንድሜ ወደ መስኮቱ አየ። ጠዋት ነበር፤ ፀሐዩ ገና ከፊት ለፊት ሕንፃ ጣሪያ አልወረደም።

«እንግዲያ አሁን እዚያ ናት» አለ። «በሩ የሚከፈተው በዚህ ሰዓት ነው።»

ልጄ የዘረጋችውን ጣት ሰበሰበች።

«እዚያ በር ላይ የቆመ ሰው ስልኩን በእጁ ነው የሚይዘው። ኪሱ ውስጥ አይከተውም። ከቤት ይደወላል፤ ተሳስታችኋል፣ ሰውዬው መጥቷል ይባላል ብሎ ይጠብቃል። እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ። ስልኩ ድምፅ ባሰማ ቁጥር እንዴት እንደሚያየው አውቃለሁ።» እጁን ጉልበቱ ላይ አኖረ። «በዚያ ሰዓት ለሰው 'ምንም ዝምድና የለንም' ተብሎ አይላክም።»

«እውነት ነው እኮ ግን!» አለች እትዬ። «አይደለችማ! ደግሞ ባዕድ ያንብበው ያልክ አንተ። ይኸው አነበበችልህ። እንዴት ታጠፋዋለህ? ዓለም ይየው እንጂ!»

«ዓለም አላልኩም እትዬ። አንድ ነው ያልኩት።»

«ነገ እንመልሰው» አልኩ። የመጀመሪያ ቃሌ ነበር። «ዛሬ ይለፍና ነገ።»

«ነገ ቀብር ላይ ትሆን ይሆናል። ወይም ሌላ በር ላይ። ለዚህ የሚሆን ቀን የለም።» ወደ ልጄ ዞረ። «ያኛው ምን ይላታል? አለን ያልኩ እንደሆነ።»

ልጄ ፈልጋ አገኘችው። ድምፅዋ ቀንሷል። «'ደራሲው ቤተሰብዎ መሆናቸውን ስላረጋገጡ አስተያየትዎ ተነሥቷል።'»

«እሱ ይሂድላት።»

«ጋሽዬ፣ ጠፋ ማለት እኮ ነው። መጽሐፉ ባዶውን ይቀራል። ባዶ ከሆነ አይታይም፣ ካልታየ ሌላ ሰው አይገዛውም። ያንን ሁሉ የለፋንበት… ማንም እንዳነበበው አይታወቅም።»

«እኔ አውቄያለሁ።»

ልጄ ወደ እኔ አየች። እኔ ወንድሜን ነበር የማየው። ፊቱ ላይ ቁጣም ደስታም የለም። ሥራ ላይ ያለ ሰው ፊት ነበር። እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ሥራው ላይ ሄጄ አላውቅማ።

«አለን» የሚለውን ነካችው። ማሽኑ ገና አልጨረሰም። የዝምድናውን ዓይነት ይምረጡ አለ። የትዳር ጓደኛ፣ ወንድም ወይም እህት፣ ወላጅ፣ ሌላ።

«ሌላ የሚል አለ» አለች ልጄ። «ሌላ እንበል?»

«አባቴ ነው ያለችው። ሌላ አላለችም።»

«ሰውዬ፣ ዋሽተሃል!» አለች እትዬ፣ ግን እየጮኸች አልነበረም።

«ዕድሜዬን በሙሉ እኔ ነበርኩ ጠያቂው» አለ ወንድሜ። «ምኑ ነህ እላለሁ። ወንድሙ ካለኝ ወንድም ብዬ እጽፋለሁ። አላጣራም ነበር። ያን ቀን በዚያ በር ገብቶ ሬሳ ለመቀበል የሚዋሽ ሰው የለም።»

ስልኩን ከልጄ እጅ ተቀበለ። የመጀመሪያውን ጊዜ ሲነካው መስታወቱ አልሰማውም። ጣቱ ቆዳው የተበላ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ቀዝቃዛ ውኃና መድኃኒት ውስጥ የኖረ ጣት ነው። በሱሪው ጠርጎ እንደገና ነካው። «ወላጅ» ከሚለው አጠገብ ትንሿ ክብ ጠቆረች።

ከገጹ ላይ የሴቲቱ ቃል ጠፋ። ልጄ ስልኩን ተቀብላ ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ወንድሜ ተነሣ። የኮቱን ቁልፍ ከታች ወደ ላይ ቆለፈ።

«ልጅቱ ደንግጣ ብትጽፍልህስ?» አለች እትዬ። «የማን አባት ነህ ብትልህስ? ወይም አድራሻህን አፈላልጋ ብትደውልልህ?»

«ትደውል።»

«ምን ልትላት ነው?»

በሩ ላይ ደርሶ ነበር። እጀታውን ይዞ ቆመ።

«መጀመሪያ እሷ የምትለውን እሰማለሁ» አለና ደረጃውን ወረደ።